ፓይለትነቱ አልሆነልኝም፤ ዲስፓቸር ልሁን?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ዕድሜዬ 24 ነው። ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ በፊዚክስ ዲግሪ አለኝ። ለፓይለት ሥልጠና ሁለት ጊዜ ተወዳድሬ አላለፍኩም። አንድ የግል ማሠልጠኛ ‹የፍላይት ኦፕሬሽን ኮርስ ውሰጂ፣ ወዲያው ትቀጠሪያለሽ› ብሎኛል። ክፍያው ግን ቤተሰቤን ያስጨንቃል። ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ ደግሞ ‹እዚህ መጥተሽ የአሜሪካውን ፈቃድ ውሰጂ› ትለኛለች። ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው? ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ «ጋሼ» ስላልሽኝ አልተቀየምኩም። ሽበቱን ያመጣው የሌሊት ሺፍት ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር፤ ቤት ውስጥ የሚያስጨንቀው እሱ ነውና። አሁን አትክፈይ። «ወዲያው ትቀጠሪያለሽ» የሚልሽ ሰው ቀጣሪ አይደለም። የሚቀጥርሽ አየር መንገድ ነው። አየር መንገድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ መርጦ፣ በራሱ ማኑዋልና በራሱ አውሮፕላን ዓይነት ማሠልጠን ይመርጣል። የሌላ ቦታ ሰርተፊኬት ይዘሽ ብትሄጂም ከሀ ሁ ያስጀምርሻል። ማሠልጠኛውን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ «ይህን ኮርስ፣ ይህንኑ፣ ለመስጠት ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያገኛችሁት ፈቃድ የታለ?» ትኬት ሽያጭና ሆስተስነት ለማስተማር የተሰጠ ወረቀት ለዚህ አይሆንም። ካሳዩሽ ባለሥልጣኑ ዘንድ ሄደሽ አጣሪ። ካላሳዩሽ ሻይሽን ጨርሰሽ ውጪ።

አሁን ወደ ሥራው። «ፍላይት ኦፕሬሽን» የአንድ ሥራ ስም አይደለም። ብዙ ክፍል ያለው ቤት ነው። ፓይለቱና ሆስተሷ መቼ የት እንደሚበሩ የሚመድቡ አሉ፤ ክሩ ስኬጁሊንግ ይባላሉ። መንገደኛውና ጭነቱ እንዴት ተደልድሎ አውሮፕላኑ ሚዛኑን እንደሚጠብቅ የሚያሰሉ አሉ፤ ሎድ ኮንትሮል ናቸው። በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው የሁሉንም በረራ ውሎ የሚከታተሉም አሉ። ከነዚህ መሃል ዲስፓቸሩ ተቀምጧል። አንቺ የጠየቅሽው ስለ እሱ ይመስለኛል።

ዲስፓቸር አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀድሞ ሥራ ይጀምራል። የመነሻውን፣ የመድረሻውንና የመንገዱን አየር ያያል። ኖታም የሚባለውን የበረራ ማስታወቂያ ያነባል፦ የትኛው ማኮብኮቢያ ተዘግቷል፣ የትኛው መብራት አይሠራም፣ የየትኛው አገር ሰማይ አይታለፍም። መንገድና ከፍታ ይመርጣል፤ ነዳጅ ያሰላል። መድረሻው እምቢ ቢል የት እንደሚታረፍም አስቀድሞ ይወስናል። ይህን ሁሉ ለካፒቴኑ ያስረክባል፤ ካፒቴኑ አይቶ ሲስማማ ይፈርማል። ከተነሳ በኋላም እስኪያርፍ ዓይኑን አይነቅልም።

አንድ ምሳሌ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት የሱዳን ሰማይ ተዘጋ። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ለሚሄድ በረራ ሱዳን የፊት በር ነበረች። በሩ በአንድ ቀን ሲዘጋ ዲስፓቸሩ ካርታውን ዘርግቶ በቀይ ባሕር በኩል መዞር ነበረበት። ስንት ደቂቃ ተጨመረ? ለዚያ ስንት ኪሎ ነዳጅ ይጨመር? ነዳጁን ለመጫን ስንት ኪሎ ጭነት ይውረድ? ሌላው ሰው ዜና ሲሰማ እሱ ሒሳብ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሥራው የራሱ ጣጣ አለው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉም ሞተሩም የሚሠሩበት አየር ያንሳቸዋል። አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ረዘም ያለ መንደርደር ይፈልጋል፤ ማኮብኮቢያው ግን አይለጠጥም። ስለዚህ የሚቀነሰው ክብደት ነው። ቀን ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብሳል።

አክስትሽ አዲስ አበባ መጥታ ወደ ቨርጂኒያ ስትመለስ መንገድ ላይ የምታርፈው ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራ ሲሄድ አንድ ቦታ ወርዶ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ለዓመታት ደብሊን ነበር። ሲመጣ ግን ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ተነስቶ በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። አውሮፕላኑ ያው፣ ታንኩም ያው። ልዩነቱ ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው። እዚያ ጢም አድርጎ ሞልቶ ይነሳል፤ እዚህ አይችልም። ነፋሱም ሲሄድ ከፊት፣ ሲመጣ ከኋላ ነው። አዲሱ ኤርፖርት ቢሾፍቱ አጠገብ እንዲሆን የተመረጠበት አንዱ ምክንያትም ቦታው ከቦሌ ዝቅ ማለቱ ነው። ፊዚክስሽ እንጀራ የሚሆንሽ እዚህ ላይ ነው። እኛ ቤት ስለ አየር እፍጋት የሚያወራ ሰው ፈላስፋ አይባልም፤ ሥራውን እየሠራ ነው።

አሁን አንድ ገበናዬን ልንገርሽ። ጀማሪ ነበርኩ። የድርጅቱን ስም ልተወው። ሌሊት ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ተነስቶ ጧት 1፡30 አዲስ አበባ የሚገባ በረራ ተሰጠኝ። በአቪዬሽን ዓለም ሰዓት አንድ ብቻ ነው፤ የግሪንዊች ሰዓት፣ እኛ «ዜድ» የምንለው። የአየር ትንበያውም በዜድ ነው የሚጻፈው። የዚያ ቀኑ ትንበያ ቦሌ ላይ እስከ 05 ዜድ ጭጋግ አለ ይላል።

የኛ አገር ሰው እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለበት። ከዜድ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለመሄድ 3 ትደምሪያለሽ። ወደ ሐበሻ ሰዓት ለመሄድ 3 ትቀንሻለሽ። 05 ዜድ በፈረንጅ ጧት 8 ሰዓት ነው፤ በኛ ጧት 2 ሰዓት። ዜድ በሁለቱ መሃል ልክ እኩል ተቀምጧል። እኔ 3 ቀነስኩና «2፡00» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። እስከዚህ ልክ ነበርኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የመድረሻው ሰዓት በፈረንጅ 07፡30 ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ «ጭጋጉ በ2 ይለቃል፣ አውሮፕላኑ በ7፡30 ይደርሳል፣ አምስት ሰዓት ተኩል ልዩነት አለ» ብዬ ደስ አለኝ። ነዳጁንም በዚያው ልክ አሳነስኩት።

የሺፍት መሪያችን ቡናቸውን ይዘው መጡ። ከኋላዬ ቆመው ወረቀቱን አዩ። ጣታቸውን «2፡00» ላይ አሳረፉና «ይሄ ሰዓት የማን ነው?» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«የኛ ነው ወይስ የፈረንጅ?»

ጆሮዬ ጋለ። አውሮፕላኑ የሚደርሰው ጭጋጉ ገና ሳይነሳ ነበር። ለ40 ደቂቃ ያህል በሰማይ መዞሪያ 1,500 ኪሎ ነዳጅ ጨመርን። ድሬዳዋ አየሩ ጥሩ መሆኑን ደግመን አየንና ተለዋጭ ማረፊያ አደረግናት። በማግሥቱ በረራው ቦሌ ላይ 20 ደቂቃ ዞሮ፣ ለ2 ሰዓት 10 ጉዳይ ሲሆን ጭጋጉ ተገፎ አረፈ። ካፒቴኑ ምንም አላለም፤ አያውቅማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥር ስጽፍ አጠገቡ ዜድ ሳልጽፍ እጄ አይነሳም። ቤቴ ያለው የግድግዳ ሰዓት እንኳ በዜድ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ግራ ይጋባል።

«ለምን ዝም ብላችሁ ብዙ ነዳጅ አትሞሉም?» ትይ ይሆናል። ሁሉም ሰው ይህን ይጠይቃል። ነዳጅ ራሱ ክብደት ነው። በረጅም በረራ የተጨመረ ነዳጅ በየሰዓቱ ከራሱ ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆነውን ለመሸከሚያው ያቃጥላል። ያን 1,500 ኪሎ አምስት ሰዓት ስትሸከሚው ወደ 250 ኪሎ የሚሆነው መንገድ ላይ ይጠፋል። ይህን በየቀኑ በሁሉም በረራ ላይ ብታደርጊው አየር መንገዱ ይከስራል። ስለዚህ ዲስፓቸር በቂውን ይጭናል፤ በቂው ስንት እንደሆነ ማወቅ ነው ሙያው። ለጉዞው፣ ለመጠባበቂያ ብዙ ጊዜ የጉዞው 5 በመቶ፣ ለተለዋጭ ማረፊያው፣ ከዚያ በላይ ለ30 ደቂቃ የማይነካ። ይህ የመጨረሻው 30 ደቂቃ እንደ ታቦት ነው። አትነኪውም።

የነኩት አሉ። ኖቬምበር 28 ቀን 2016 ከቦሊቪያ ወደ ሜደሊን፣ ኮሎምቢያ፣ የብራዚሉን ቻፔኮዌንሴ የእግር ኳስ ቡድን የያዘ፣ ላሚያ የሚባል ድርጅት አውሮፕላን ተነሳ። በረራ ፕላኑ ላይ የጉዞው ርዝመት 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ተጽፏል። ሌላ ሣጥን ውስጥ ነዳጁ የሚያቆየው ጊዜ ተጽፏል፦ 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ሁለት ሣጥን ውስጥ። ፕላኑን የተቀበለችው የኤርፖርት ሠራተኛ ይህን አይታ መጠየቋን፣ የድርጅቱ ዲስፓቸርም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንደሚደርሱ እንደነገራት ኋላ ተናግራለች። ነዳጁ ሜደሊን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አለቀ። ከ77 ሰው 71 ሞተ። ዲስፓቸሩም አውሮፕላኑ ውስጥ ነበር።

ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ሥራው ከኮምፒውተር ይልቅ አፍ የሚፈልግ መሆኑን እንድታውቂ ነው። ፕሮግራሙ ሒሳቡን በሰከንድ ይሠራል። «ይሄ አይሆንም» የሚለው ግን ሰው ነው። የንግድ ክፍሉ «ጭነቱ ይግባ» እያለ ስልክ ይደውልልሻል። በዕድሜ አባትሽ የሚሆን ካፒቴን «እኔ ሰላሳ ዓመት በሬያለሁ» ይልሻል። አክብረሽ፣ «ካፒቴን፣ ልክ ነዎት፤ ግን ትንበያው ይህን ይላል» ብለሽ ወረቀቱን ማሳየት መቻል አለብሽ። ሰው ማስቀየም የሚከብድሽ ከሆነ ከሒሳቡ ይልቅ የሚያስቸግርሽ ይሄ ነው። በኛ ባህል ደግሞ ለታላቅ «አይሆንም» ማለት ቀላል አይደለም፤ እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ታፍ ላይ፣ ማለትም የአየር ትንበያው ላይ፣ የማይጻፍም ነገር ይመጣል። ጃንዋሪ 2020 ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚበር አውሮፕላን ለማረፍ ሲወርድ የአንበጣ መንጋ ገጠመው። መስታወቱ ተሸፈነ። ዋይፐር አልጠረገውም። ትቶት አዲስ አበባ ሄዶ በሰላም አረፈ። ለተለዋጭ ማረፊያ የሚሆን ነዳጅ ለምን እንደሚጫን ለተማሪዎች ስነግር ይህን አስቀድማለሁ፤ አንበጣን የተነበየ አልነበረማ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ዓለም አቀፉ ደንብ ለዲስፓቸር ፈቃድ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ዕድሜ 21 ነው፤ አልፈሽዋል። የፓይለት ዓይነት የሕክምና ሰርተፊኬትም አይጠይቅም። ፓይለትነቱ ያለፈሽ በመነጽር ምክንያት ከሆነ እዚህ ማንም ስለ መነጽርሽ አያነሳም። የምትማሪው የአየር ሕግ፣ ሜትሮሎጂ፣ ናቪጌሽን፣ የአውሮፕላን አፈጻጸም፣ የክብደትና ሚዛን ሒሳብ፣ የሬዲዮ ግንኙነትና የመሳሰለው ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛሽ ደካማ ከሆነ ለማሠልጠኛው ልትከፍይ የነበረውን ሩቡን እዚያ ላይ አውዪው።

መግቢያው በር አንድ አይደለም። የፊት በሩ የአየር መንገዱ የቅጥር ማስታወቂያ ነው። ሲወጣ በአጭር ቀን ይዘጋልና ዲግሪሽን፣ ትራንስክሪፕትሽን፣ መታወቂያሽን ስካን አድርገሽ ስልክሽ ላይ ይዘሽ ጠብቂ። ሰው ከማስታወቂያው በኋላ ነው ሰነድ ፍለጋ የሚሮጠው፤ ሬጅስትራር ቢሮ ተሰልፎ ቀኑ ያልፍበታል። እኔ ግን የምወደው የጓሮውን በር ነው። «ዲስፓቸር» የሚል ማስታወቂያ ብቻ አትጠብቂ። ሎድ ኮንትሮል፣ ክሩ ስኬጁሊንግ፣ ራምፕ (አውሮፕላኑ የቆመበት ሜዳ ላይ ያለው ሥራ)፣ የትኛውም የኦፕሬሽን ሥራ ቢወጣ ግቢ። ሎድ ሺት (የጭነትና የሚዛን ሰነድ) ስትሠሪ የኖርሽ ልጅ የውስጥ ዝውውር ሲመጣ ከውጪ ከሚመጣው በብዙ ትቀድሚያለሽ። አነስተኛ የቻርተር (በኪራይ የሚበሩ) ድርጅቶችንም አትናቂ። እዚያ አንድ ሰው ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ደመወዙ ያንሳል፣ ትምህርቱ ይበዛል። ፊዚክስ ለተማረ ሰው የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። ትንበያ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ትንበያ ሲያነብ አይታለልም።

አክስትሽ ልክ ናት፤ ግን ግማሽ ልክ። አሜሪካ ውስጥ ሙያው ትልቅ ክብር አለው። ሕጉ በረራውን አስቀድሞ በማቀድም ሆነ ለመነሳት በመልቀቅ ካፒቴኑንና ዲስፓቸሩን እኩል ተጠያቂ ያደርጋል። ኮርሱ ቢያንስ 200 ሰዓት ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል። የጽሑፍ ፈተናው 80 ጥያቄ ነው፣ ማለፊያው 70 በመቶ። ከዚያ ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠሽ አንድ በረራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታቅጃለሽ። ጽሑፉን በ21 መውሰድ ይቻላል፤ ሰርተፊኬቱ ግን ለ23 ዓመት ሰው ነው። ይህም አልፎልሻል።

ችግሩ ከፈቃዱ በኋላ ነው። ሰርተፊኬት የሥራ ፈቃድ አይደለም። ዲቪ ደርሶሽ ወይም በሌላ መንገድ ሕጋዊ ሆነሽ የምትሄጂ ከሆነ ሂጂ፤ ዓይንሽን አትሺ። በጎብኚ ቪዛ ሄደሽ ኮርሱን ጨርሰሽ «አንድ ነገር ይፈጠራል» የምትይ ከሆነ የአክስትሽን ገንዘብ አታባክኚ። የአንዱ አገር ፈቃድ በሌላው አገር እንደ ዶላር ባንክ ሄዶ አይመነዘርም። የዚያን ይዘሽ እዚህ ስትመጪም፣ የዚህን ይዘሽ እዚያ ስትሄጂም ባለሥልጣኑ የራሱን ፈተና ያስቀምጥሻል። የሚሻገረው ልምድሽ ነው። እዚህ ሦስት አራት ዓመት ሠርተሽ ብትሄጂ ያ 200 ሰዓት ክለሳ ይሆንልሻል።

ስለ ኑሮው አጭር ነገር ልበል። ሺፍት ነው። አውሮፕላን ፋሲካ አያውቅም። ሁሉም ሲገድፍ አንቺ ስክሪን ፊት ትሆኛለሽ፤ እናትሽ በሳህን የቋጠሩልሽን ዶሮ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማይክሮዌቭ ውስጥ ታሞቂያለሽ። ለትዳርም ለእንቅልፍም መላ መፈለግ አለብሽ። ይህን የሚጠሉ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ይወጣሉ፤ አልፈርድባቸውም።

እስከዚያው ግን ሳትከፍይ የምትሠሪው ነገር ልስጥሽ። የቦሌ የአየር ሪፖርት፣ ሜታር የሚባለው፣ በኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። በየጧቱ አውጥተሽ በእጅሽ ደብተር ላይ ፍቺው። ንፋስ 080 (አቅጣጫው በዲግሪ)፣ 10 ኖት (ፍጥነቱ) ካለ፣ ንፋሱ ከምሥራቅ እየመጣ ነው፤ አውሮፕላኖቹ ንፋሱን ፊት ለፊት ይዘው ወደ ምሥራቅ ነው የሚነሱት። እይታ 9999 ካለ 10 ኪሎሜትርና ከዚያ በላይ ይታያል ማለት ነው። ደመና ስካተርድ 025 ካለ 2,500 ጫማ ላይ የተበታተነ ደመና አለ። ሙቀት 16፣ ዲው ፖይንት (እርጥበቱ ጤዛ የሚሆንበት ሙቀት) 09 ከሆነ ተረጋጊ። ሙቀት 10፣ ዲው ፖይንት 10 ከሆነና ንፋስ ከሌለ ጭጋግ ወይ አለ፣ ወይ እየመጣ ነው። ከሪፖርቱ ቀጥሎ ትንበያውን፣ ታፉን፣ ጻፊ። ማታ ላይ የሆነውን ከተተነበየው ጋር አስተያዪ። አንድ ወር ይህን አድርጊ። በሁለተኛው ሳምንት ከሰለቸሽ ኮርሱ ይበልጥ ይሰለችሻል፤ ያን ብር አተረፍሽ ማለት ነው። ካልሰለቸሽ ደብተሩን ለቃለ መጠይቅ ይዘሽ ሂጂ። እኔ ፈታኝ ሆኜ ብቀመጥ ከማንኛውም የግል ማሠልጠኛ ሰርተፊኬት በፊት የማየው እሱን ነው።

ሐዋሳም ኤርፖርት አለ። ጧት የሚገባው በረራ የዘገየ ቀን፣ ሰው ሲያማርር አንቺ ሜታሩን ክፈቺና ለምን እንደዘገየ ለመገመት ሞክሪ። መጀመሪያ ግን ሰዓቱ የማን እንደሆነ እዪ።